ኦሽን ቢች ስትመጡ እግራችሁን ጎትቱ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንዲያጎ፣ ኦሽን ቢች የሚባል የባሕር ዳር ሰፈር መኖር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ባሕሩን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ጫማ ያወልቃል፣ ሱሪውን ይሰበስባል፣ ወደ ውሃው ይሮጣል። እባካችሁ አትሩጡ።

ሰመር ላይ፣ ውሃው ጉልበት እንኳ በማይደርስበት ቦታ፣ ስቲንግሬይ አሸዋ ለብሶ ይተኛል። እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ አለው። ፈልጎ ሰው አይነካም፤ የሚወጋው ሲረግጡት ነው። ስለዚህ እግራችሁን ሳታነሱ ግቡ። የአባቱን ጫማ ያጠለቀ ልጅ እንዴት ይሄዳል? ልክ እንደዚያ፣ አሸዋውን እየጠረጋችሁ። ንዝረቱ ሲሰማው ራሱ ይሸሻል።

እኔን አምና ነሐሴ ላይ ተረከዜ አጠገብ ወጋኝ። መጀመሪያ ጠርሙስ የረገጥኩ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሕመሙ እስከ ጉልበቴ ወጣ፤ እንባዬ መጣ። እያነከስኩ ዋናተኞችን የሚጠብቁት ላይፍጋርዶች ጋ ደረስኩ። ባልዲ ሙሉ ሙቅ ውሃ አቀረቡልኝና እግሬን ነከርኩ። በረዶ እንዳትይዙበት፤ የሚያስታግሰው ሙቀት ነው። ሳያቃጥል የቻላችሁትን ያህል ትኩስ ይሁን፣ ሲቀዘቅዝም ይቀየር። እኔ አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቶብኛል። እሾህ ውስጥ ከቀረ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ወዲያው ወደ ድንገተኛ እርዳታ፣ 911 ደውሉ።

ዋና የምትዋኙት ላይፍጋርድ ባለበት ፊት ለፊት ብቻ ይሁን። ውሃው ወደ ውስጥ ከሳባችሁ አትታገሉት። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን ዋኙ፣ ስበቱ ሲለቃችሁ ትመለሳላችሁ።

ግንቦትና ሰኔ ጠዋት ሰማዩ ይደፈናል። ያም ሆኖ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ተቀቡ። ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም የሚባለውን አምኜ አፍንጫዬ ተልጧል።

ውሻ የምትፈሩ ከሆነ ወደ ሰሜኑ ጫፍ አትሂዱ፤ እዚያ ውሾች ያለ ገመድ ይለቀቃሉ። እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ይህን ሳልነግራት እዚያ ወሰድኳት። አንዱ እርጥብ ውሻ አጠገቧ ቆሞ ሲራገፍ ነጠላዋ በሙሉ ጨው በጨው ሆነ። አሁን ከእሷ ጋር የምንቀመጠው ወደ ደቡብ፣ ሳሩ ላይ ነው።

ቢራም ሆነ የጠርሙስ ዕቃ አሸዋው ላይ ክልክል ነው። ቡናችሁን በፔርሙዝ ያዙ። ረቡዕ ከመጣችሁ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ኒውፖርት ጎዳና ላይ የገበሬዎች ገበያ አለ። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ አትዞሩ፤ ከኦልድ ታውን 35 ቁጥር አውቶቡስ ያመጣችኋል።