የሞተር ሳይክል የዳይኖ ንባብ አልጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ዳይኖ (የኋላው ጎማ በሚያሽከረክረው ከበሮ አማካይነት የሞተር ሳይክልን ኃይል የሚለካ መሣሪያ) ላይ የተገኘው ቁጥር ከተጠበቀው ሲያንስ ወይም መስመሩ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሰው በቀጥታ ካርቡራተሩን መፍታት ይጀምራል። ሆኖም ጥፋቱ ከሞተሩ ይልቅ በአለካኩ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ስላልሆነ፣ መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ንባቡን ራሱን መመርመር ይገባል።

ምልክት፦ ኃይሉ ፋብሪካው ከገለጸው በጣም ያንሳል።

ፋብሪካው የሚገልጸው አብዛኛውን ጊዜ ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ላይ የሚገኘውን ኃይል ሲሆን፣ ዳይኖው የሚለካው የኋላው ጎማ ለከበሮው የሚያስተላልፈውን ነው፤ በማርሽ ሳጥኑ፣ በሰንሰለቱና በጎማው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መባከኑ የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም ኃይሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሶፍትዌሩ ይህን ለማካካስ ንባቡን በማረሚያ ቁጥር ያባዛዋል። ይሁን እንጂ ኤስኤኢ ጄ1349 የተባለው የሞተር ኃይል አለካክ መስፈርት የሚቀበለው ማረሚያ ከ0.93 እስከ 1.07 ያለውን ብቻ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ አየር የሚጠይቀው ከ1.3 በላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ የታረመ ቁጥር ይዞ መፎካከር ትርጉም የለውም፤ የሚበጀው ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ፣ በአንድ ዳይኖና በአንድ ማርሽ፣ ያልታረሙትን ንባቦች ማነጻጸር ነው። ይኸው ስስ አየር በካርቡራተር የሚሠራውን ሞተር ቤንዚን ያበዛበታል። ጋዙ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የአየርና የቤንዚን ምጣኔው ከ12 በታች ከወረደ ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአነስተኛ ተክቶ ወደ 13 ማስጠጋት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ከፍጥነት አንጻር ሲታይ የኃይሉ መስመር ለስላሳ ነው፤ ቶርኩ (የመጠምዘዝ ጉልበቱ) ግን ይዘላል ወይም ግማሽ ሆኖ ይታያል።

በከበሮው ክብደት የሚሠራ ዳይኖ ኃይልን የሚያሰላው ከከበሮው ፍጥነት አጨማመር ነው፤ የሞተሩ ዙር የሚያስፈልገው ለቶርኩ ነው። 10 ኒውተን ሜትር በደቂቃ በ7,000 ዙር ሲባዛና ለ9,549 ሲካፈል 7.3 ኪሎዋት ይሆናል፤ ዙሩ በስህተት እጥፍ ከተነበበ ቶርኩ ግማሽ መሆኑ ግድ ነው። በብዙ ባለ አራት ምት ሞተሮች ካንዴላው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ሳይሆን በየዙሩ ብልጭታ ስለሚሰጥ፣ ይህ ስህተት በሶፍትዌሩ ላይ ብልጭታው በስንት ዙር እንደሆነ ከሚመረጠው ይመጣል። መስመሩ የሚዘል ከሆነ ግን የዙር መልቀሚያውን በካንዴላው ገመድ ላይ ቦታ ለውጦ ማሰር በቂ ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ ዙሩ ይጨምራል፤ ከበሮው ግን አይከተልም።

አንድ ነገር እየተንሸራተተ ነው፤ ጎማው ወይም ፍሪሲዮኑ። ለመለየት በሌላ ማርሽ መድገም ይጠቅማል፦ በዝቅተኛ ማርሽ ጎማው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ስለሚበዛ መንሸራተቱ እዚያ ከባሰ ማሰሪያውን ማጥበቅና የጎማውን ንፋስ ማየት ነው፤ በከፍተኛ ማርሽ ከባሰ ግን ፍሪሲዮኑ ይጠረጠራል።

ምልክት፦ ምጣኔው ቤንዚን እንዳነሰ ያሳያል፤ ካንዴላው ግን ጥቁር ነው።

ካንዴላውን ማመን ይሻላል። ምጣኔውን ከጭሱ ከሚለካው ዳሳሽ በፊት ያለው የማርሚታ መጋጠሚያ ሲያፈስ የውጭ አየር ይስባል፤ የመጋጠሚያው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ሳይቀየር ጄት መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል።

ምልክት፦ ሦስተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ያንሳል።

በቆመ ሞተር ሳይክል ላይ የሚነፍሰው ማራገቢያ መንገድ ላይ ያለውን ነፋስ ስለማይተካ ሞተሩ ከሙከራ ወደ ሙከራ ይግላል፤ በመሆኑም እያንዳንዱን ሙከራ የዘይቱ ሙቀት ተመሳሳይ ደረጃ ላይ ሲደርስ መጀመር ያስፈልጋል።