የጎደለው ብርሃን አልነበረም
ግሪንሃውስ ውስጥ ያሉት ቲማቲሞቼ እድገታቸው ቀጥ አለ። ብርሃን አንሷቸው ነው ብዬ አምፖል ጨመርኩ። ወይ ፍንክች! ማዳበሪያም ሞከርኩ፤ ይሄኛው እንኳን ጅልነት ነበር፣ የቅጠሎቹን ጫፍ አቃጠለው።

በመጨረሻ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ተውሼ አስገባሁ። ረፋዱ ላይ 210 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 210 እጅ) ይላል! የውጭው አየር 420 አካባቢ ነው። ለካ ሙቀቱ እንዳይወጣ ብዬ ሁሉን ጥርቅም አድርጌ ስዘጋ፣ ቅጠሎቹ በግሪንሃውሱ አየር ውስጥ ያለውን ይህን ጋዝ እየጨረሱት ኖሯል። ጋዙ ካነሰ ደግሞ ብርሃን ብትጨምርም ፎቶሲንተሲሱ፣ ማለትም ተክሉ በብርሃን ከጋዙና ከውሃ ምግቡን የሚሠራበት ሂደት፣ እምብዛም አይፈጥንም።

አሁን ፀሐይዋ ጠንከር ስትል የጣሪያውን መስኮት በትንሹ እከፍታለሁ። አንዲት ትንሽ ፋን አየሩን በቅጠሎቹ መሃል ታዘዋውራለች። ቁጥሩ ከ380 ወርዶ አያውቅም። በ10ኛው ቀን ጫፉ ላይ አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። አምፖሉን አውርጄዋለሁ።