ከጂዳ ስንወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጂዳ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ ነው የወጣሁት። ከእኔ በፊት ብዙ እህቶቼን ሸኝቻለሁ። ያጠፉትን አይቻለሁ፣ እኔም አጥፍቻለሁ።

የወረቀቱን ላስቀድም። የእረፍቱን ቪዛ፣ ኹሩጅ ወዓውዳውን፣ ይዞ ሄዶ በዚያው መቅረት ትልቅ ስህተት ነው። «ወጥታ አልተመለሰችም» ተብለሽ ትመዘገቢያለሽ፤ ነገ ሌላ ሥራ ይዘሽ ልመለስ ስትይ ጣጣ ሊያመጣብሽ ይችላል። ጠቅልለሽ የምትሄጂ ከሆነ ኹሩጅ ኒሃኢ፣ የመጨረሻውን መውጫ ቪዛ፣ አስወጪ። እሱም ከወጣበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው ያለሽ፤ ትኬት እስኪረክስ ስትጠብቂ እንዳያልፍሽ።

ሂሳብ ሳይዘጉ መውጣትም አለ። ለአንድ አሠሪ 4 ዓመት በተከታታይ የሠራች የቤት ሠራተኛ ስትወጣ የአንድ ወር ደሞዝ በሕግ ይገባታል። ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ ወጥተናል። ጠይቂ፣ አትፈሪ። ባንክ ውስጥ ያለሽን ደግሞ ሲም ካርድሽን ከመጣልሽ በፊት ላኪ፤ የባንኩ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በሳዑዲው ቁጥር ነው።

ሻንጣውን ቤት መዝኚው። ኤርፖርት ወለል ላይ ብርድ ልብስና ድስት ዘርግታ የምታለቅስ እህት ማየት ያማል።

እቁብ ወጥቶልሽ ዙሩ ሳያልቅ ዝም ብሎ መሄድ ግን ከሁሉም ይከብደኛል። ያንቺን ዕጣ የሚሞሉት እንዳንቺ ወለል ሲወለውሉ የዋሉ ልጆች ናቸው። ቀሪውን ክፈይ ወይም ዋስ ጥሪ። ከዚያ እንደ ወሎ ወጋችን ዞረሽ «አውፍ በሉኝ»፣ ይቅር በሉኝ፣ በይ። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሆነን ስንኖር በአንድ ባልዲ ውሃ እንኳ ተኳርፈናል። እኔ አንዷን ሳላገኛት ወጣሁ፤ ስልኳ ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

አሁን ወደማሳድገው ወደነበረው የአሠሪዬ ልጅ ልምጣ። በአራስነቱ ነው የተቀበልኩት፤ ስወጣ ስድስት ዓመቱ ነበር። በረራዬ ሌሊት ነው። ማዳም «ያለቅሳል፣ ሳይነቃ ሂጂ» አለችኝ፤ እሺ አልኩ። እንደ ሁልጊዜው የትምህርት ቤት ጫማውን ጠርጌ በሩ ጥግ አስቀመጥኩለት፣ ግንባሩን ሳምኩት፣ ወጣሁ። ከሳምንት በኋላ ማዳም በድምፅ መልእክት እንደነገረችኝ፣ ጠዋት ተነስቶ ክፍሌን ከፈተ፣ አልጋው ሥር አየ፣ ሰገነት ድረስ ወጣ። ጫማውን ሌላ ሰው እንዲያደርግለት እምቢ አለ።

እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ቢያንስ ከሳምንት በፊት ንገሩት። ማዳም ካልፈቀደች፣ አንቺም አስረጂያት፤ ልጁን ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። «እኔም እናት አለችኝ፣ ናፍቃኛለች፣ ወደሷ ልሄድ ነው» በይው፤ እናት መናፈቅ የስድስት ዓመት ልጅም ይገባዋል። ሻንጣሽን ስታዘጋጂ አጠገብሽ አስቀምጪው፣ ልብስ ያቀብልሽ። ያለቅሳል። አብረሽው አልቅሺ። ስትወጪ ነቅቶ ይሁን፣ መኪናው ሲሄድ በዓይኑ ይየው።