የጅብ ሽንኩርቱ ቅጠል እንጂ አበባ አልሰጥ ላላችሁ፦ ችግሩና መፍትሔው

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ አንድ ሁለቴ ጣል ካደረገ በኋላ ወደ አንድ የገጠር ደብር ግቡና ከዛፎቹ ሥር ዝቅ ብላችሁ እዩ። ከረገፈው ደረቅ ቅጠል መሐል ብቅ ያለ ቀይ ኳስ ታገኛላችሁ። አጠገቡ አንድም ለምለም ቅጠል የለም። ወፍራም አገዳ ብቻ ነው፣ ከላዩ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል አበባ ተሸክሞ። ቀረብ ስትሉ ደግሞ አንድ አበባ እንዳልሆነ ታያላችሁ። ሲበዛ እስከ 200 የሚደርሱ ትንንሽ አበቦች ከአንድ ቦታ ተነሥተው በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው። እያንዳንዷ 6 ቀጫጭን መልካበባና 6 ክር አላት፤ በየክሩ ጫፍ ላይ ቢጫ ዱቄት አለ፣ ስትነኩት ጣታችሁ ላይ ይቀራል።

እኛ ጋ የጅብ ሽንኩርት ይሉታል። ይህ ስም ለሌሎች የዱር ሽንኩርቶችም ስለሚሰጥ እንዳንምታታ ሳይንሳዊ ስሙን ልንገራችሁ፦ ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ። በአፍሪካ ከሰሃራ በታች ባለው ሰፊ አገር ይበቅላል፣ ባሕር ማዶ ደግሞ በየመስኮቱ በማሰሮ ያሳድጉታል።

በባሕረ ሐሳብ ዘመነ ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ከተሜው መስከረምን ፀደይ ማለት ስለለመደ ብዙ ክርክር ይነሣል። እኔ ይህን አበባ ካወቅሁ ወዲህ ግን የአባቶች አቆጣጠር ልቤ ውስጥ ገብቷል። አደይ ገና ዘር ሆና መሬት ውስጥ እያለች ይሄኛው ፈንድቶ ጨርሷል።

የእኔን ሽንኩርት ያገኘሁት ቡሬ አካባቢ ከዘመድ ማሳ ዳር ነው። ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ሊተከልበት ስለነበር አንዱን ቆፍሬ ባሕር ዳር አመጣሁትና ግቢዬ ተከልሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሰጠኝ። በአራተኛው ዓመት አበበ። በመሐል ያጠፋሁትንና ያስተካከልሁትን ነው የምጽፍላችሁ፣ ምክንያቱም በየግንቦቱ የምጠየቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው።

"ቅጠሉ ያምራል፣ አበባ ግን የለውም"

ዋናው ችግር ይሄ ነው፣ መንሥኤው ግን ብዙ ነው።

መጀመሪያ የምጠይቃችሁ፦ በጋውን ሙሉ ውሃ ታጠጡት ነበር? እኔ አጠጣው ነበር። ጽጌረዳውን ሳጠጣ እሱንም፣ ጎመኑን ሳጠጣ እሱንም። ደግነት መስሎኝ። ይህ ተክል ግን የለመደው የእኛን ደን ነው፤ እዚያ ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት ጠብታ ላይወርድ ይችላል። ቅጠሉን ጥሎ፣ መሬት ውስጥ ገብቶ፣ ይተኛል። የሚቀጥለውን አበባ ሽንኩርቱ ውስጥ ይዞ ነው የሚያርፈው፤ ዝናብ ሲመጣ ቅጠል ሳይጠብቅ ከተፍ የሚለውም ለዚህ ነው። እረፍቱን ከነሣችሁት አበባውን ትቶ ቅጠል እየቀያየረ ይኖራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቅጠሉ መድረቅ ሲጀምር ውሃውን ቀንሱ፣ ከደረቀ በኋላ ጨርሶ አቁሙ። መሬት ላይ ከሆነ ቧንቧ የማይደርስበት ጥግ ይሁን። በጀሪካን ወይም በማሰሮ ከሆነ አንሥታችሁ ከጣሪያ ክዳን ሥር አስቀምጡት። ሚያዝያ ሲገባ መልሳችሁ አጠጡ።

ውሃው ደኅና ከነበረ ደግሞ ሥሩን ጠርጥሩ። ሥሩ ወፍራም፣ ሥጋማ ነው፣ መነካካት ጨርሶ አይወድም። አንዴ ከተነቀለ ለአንድ ሁለት ዓመት አኩርፎ ሊቀመጥ ይችላል። እኔ ደግሞ የተሻለ ቦታ አገኘሁለት እያልሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አዛውሬዋለሁ። አታድርጉት። ቦታ መርጣችሁ አንዴ ትከሉና ተዉት። በዕቃ ከሆነ ሥሩ ዕቃውን እስኪሞላው ድረስ ጠበብ ባለ ነገር ውስጥ ይቆይ። ሰፊ በርሜል ውስጥ የተተከለ ሥር ሲዘረጋ ይከርማል፣ ለአበባ ጊዜ የለውም።

ጥልቀቱንም እዩ። የሽንኩርቱ አንገት አፈሩ ጋ እኩል ወይም ትንሽ ብቅ ብሎ መታየት አለበት። እንደ ድንች ከቀበራችሁት ይዘገያል።

ሌላው ቅጠሉን ቶሎ መቁረጥ ነው። አበባው ካለፈ በኋላ የሚመጣው ቅጠል ሰፊና ስስ ነው፣ ጠርዙ ይሞገዳል፣ ታችኛው ክፍሉ ተጠቅልሎ ግንድ የሚመስል ነገር ይሠራል፣ እሱም ላይ ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለበት። የሚቀጥለውን ዓመት ስንቅ የሚያጠራቅመው ይህ ቅጠል ነው። ለበዓል ግቢ ላጽዳ ብሎ በመስከረም የቆረጠው ሰው በግንቦት አበባ ቢጠብቅ ከየት ይመጣል?

ዩሪያም አይወድም፣ ቅጠል ብቻ ያስረዝመዋል። በክረምት መግቢያ አንድ እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ይበቃዋል። ከዘር ያበቀላችሁት ከሆነ ደግሞ ሕፃን ነው፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ታገሡት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ስልካችሁ ላይ ስለዚህ ተክል ስትፈልጉ ሄማንተስ በሚል ስም የተጻፈ ምክር ይመጣላችኋል። ድሮ አንድ ወገን ተደርገው ይቆጠሩ ነበር፤ የተለዩት በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ሄማንተስ የደቡብ አፍሪካ ዘመድ ነው፣ ከእነሱም ውስጥ የሙቀቱን ወራት ተኝተው በብርዱ ወራት የሚያድጉ አሉ። የእነሱን የውሃ ሰዓት ለእኛው ከሰጣችሁት መተኛት ሲገባው ትቀሰቅሱታላችሁ። መለያው ቅጠሉ ነው፦ የእኛው በመሐሉ ወፍራም ጅማት አለው።

"አበባው ወጣ፣ ቅጠሉ የት ሄደ?"

የትም አልሄደም። ተፈጥሮው ነው። አበባው ቀድሞ ይወጣል ወይም ከቅጠሉ ጋር አብሮ ብቅ ይላል፣ ቅጠሉ ይከተላል። ታመመ ብላችሁ እንዳትቆፍሩት፤ አንዲት ጎረቤቴ ቆፍራ አይታው ሁለት ዓመት አስቀጥታዋለች።

"ክረምቱ ወጥቶ ቢጫ ሆነ፣ ሞተብኝ"

ይሄም ሞት አይደለም። እኔ ግቢ ጥቅምት ላይ ጫፉ መንጣት ይጀምራል፣ ኅዳር ውስጥ ቅጠሉ ይተኛል። ምልክት አድርጉበት ብቻ። አጠገቡ እንጨት ትከሉ ወይም ድንጋይ አስቀምጡ፣ አለዚያ በጋ ላይ ረስታችሁት በመቆፈሪያ ትቆርጡታላችሁ። ቢጫው በሐምሌ ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ወደሚቀጥለው እለፉ።

"ሽንኩርቱ ለሰለሰ፣ ይሸታል"

ውሃ ተኝቶበታል። በጣታችሁ አንገቱን ጫን አድርጉት። ጤነኛው ጠንካራ ነው፤ የታመመው ይሰጥማል፣ ቡናማ ውሃ ያወጣል።

ጎጃም ላይ ይህ ችግር በአፈሩ ይወሰናል። ቀይ አፈር ካላችሁ ብዙ አትሰጉ፣ ውሃውን ያሳልፋል። ዋልካ ላይ ያላችሁ ግን ሐምሌና ነሐሴን ውሃ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። መደብ ሠርታችሁ ከፍ አድርጉት፣ ከታች ጠጠር፣ ከላይ የዛፍ ሥር አፈርና ትንሽ አሸዋ ቀላቅላችሁ። ከደን የመጣ ስለሆነ የረገፈ ቅጠል የበሰበሰበት አፈር ይስማማዋል። ትኩስ ፍግ ግን አታስጠጉት።

መበስበስ ከጀመረ አውጡት። አዎ፣ ሥሩን አትንኩ ብያለሁ፣ ይሄ ግን የግድ ነው። የለሰለሰውን በንጹሕ ቢላዋ እስከ ነጩ ሥጋ ድረስ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ቁስሉ ላይ አመድ ነስንሱ፣ ጥላ ላይ ለአራት አምስት ቀን አድርቁትና በደረቅ አፈር መልሱት። ታች ሥሩ የሚወጣበት ክፍል ከበሰበሰ ግን አይድንም። ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፣ ካልተገኘ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል።

"ቅጠሉ እሳት እንደነካው ሆነ"

ፀሐይ ነው። ቅጠሉ ስስና ሰፊ የሆነው በዛፍ ጥላ ሥር የሚያልፈውን ትንሽ ብርሃን ለመሰብሰብ ነው፣ የቀትር ፀሐይ አይችልም። ከዋንዛ ወይም ከብሳና ሥር ትከሉት፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝበት በኩል። ድቅድቅ ጥላም አይሆንም፣ አበባ ያሳጣል።

ቅጠሉ ከተቃጠለ ሳይሆን ከተበላ ማታ በባትሪ እዩት። ክረምት ላይ ቀንድ አውጣ ይኖራል፣ አንዳንዴም ተሰብስቦ የሚበላ አባጨጓሬ። በእጅ መልቀም ይበቃል።

"ዘሩን ዘራሁት፣ አልበቀለም"

አድርቃችሁ አስቀምጣችሁት ነበር ብዬ እገምታለሁ። እንደ ሽንብራ እንደ በቆሎ በቅል ውስጥ የሚከርም ዘር አይደለም። ሥጋማ ነው፣ ከደረቀ ይሞታል።

አበባው ካለፈ በኋላ በቦታው አረንጓዴ ፍሬ ይይዛል፣ ቆይቶ ይቀላል። ሲቀላና በጣት ሲለሰልስ ልቀሙት። የውጪውን ሥጋ ውሃ ውስጥ እያሻችሁ አውልቁት፤ ውስጡ አንድ ወይም ሁለት፣ ሲበዛ ሦስት፣ ክብ ፍሬ አለ። በዚያው ሳምንት እርጥብ አፈር ላይ አስቀምጡና ትንሽ ጫን አድርጉት፣ አትቅበሩት። መጀመሪያ የሚወጣው ወደ ታች የሚገባ ወፍራም ሥር ነው። ቅጠሉ ብዙ ቆይቶ ይመጣል፣ በመሐሉ ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትደፉት።

"ፍየሏ በላችው"

ይሄን በቁም ነገር አንብቡልኝ። ተክሉ በሙሉ መርዝ ነው፣ ከሁሉ ይልቅ ሽንኩርቱ። አልካሎይድ የሚባሉ መርዛም ነገሮች አሉበት፤ በአፍሪካ አንዳንድ አካባቢ የቀስት ጫፍ ይቀቡበት፣ ዓሣም ያደነዝዙበት ነበር። በግና ፍየል ይገድላል። ምራቅ ማዝረብረብ፣ ተቅማጥና መዝለፍለፍ ካያችሁ ከብቱን ከቦታው አርቁና የበላውን ቅጠል ይዛችሁ ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ።

ለሰውም ያው ነው። ቀዩ ፍሬ ሕፃን ይስባል። ሽንኩርቱ ደግሞ መሬት ውስጥ ሲታይ የምግብ ይመስላል፣ ከወጥ ሽንኩርት ጋር አንድ ቦታ አታስቀምጡት። ልጅ ከቀመሰ በቤት መድኃኒት ጊዜ አታጥፉ፣ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። የሚድህ ልጅ ያለበት ግቢ ካላችሁ እኔ ብሆን ቆይቼ እተክለው ነበር።

"ድሮ ከነበረበት ደን ጠፋ"

የደብሩ ሰው ሁሉ ልጅ ሆኖ አይቶታል፣ አሁን ግን የለም። ይህን የሚሉኝ እየበዙ ነው፣ ስሰማው ያመኛል።

ምክንያቱን ቦታው ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። ከብት ደኑ ውስጥ ከገባ ሚያዝያ ላይ ገና ብቅ የሚለውን አገዳ ይረግጠዋል፤ አገዳው ውሃ የሞላው ስለሆነ አንዴ ከተሰበረ የዚያ ዓመት አበባም ፍሬም ቀረ። ትልልቆቹ ዛፎች ስለቆሙ ደኑ ያለ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ባዶ ሆኗል። የረገፈው ቅጠል እየተጠረገ ከተወሰደ አፈሩ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ዳር ዳሩ ወደ ባሕር ዛፍ ከተቀየረ እዚያ ውስጥ እኔ አንድም ቀን አግኝቼው አላውቅም። በመጨረሻም እንደ እኔ ቆፍሮ የሚወስድ አለ።

መፍትሔው ከካብ ይጀምራል። በድንጋይ ካብ የታጠረ የደብር ደን ውስጥ ከብት ሲቀር ታችኛው ቡቃያ በራሱ ይመለሳል። ሽንኩርቱ ገና መሬት ውስጥ በሕይወት ካለ አጥሩ ብቻ ሊበቃው ይችላል። ከጠፋ ደግሞ ከቅርብ ደን የተለቀመ ቀይ ፍሬ ወስዶ ቅጠል በሞላበት ጥላ ሥር መበተን ነው። ሽንኩርት ቆፍራችሁ አታምጡ፣ ከገበያም አትግዙ። አንዱን ደን ለመሙላት ሌላውን ማራቆት ይሆናል።

እኔ ፍሬ የምለቅመው አንድ የማውቃቸውን አባት አስፈቅጄ ነው። ዘንድሮ ከአንዱ አገዳ አሥራ አንድ ፍሬ ፈቀዱልኝ፣ "የቀረውን ለወፎቹ ተወው" ብለው። ሰባቱ ሥር አውጥተዋል፤ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ፣ ከዋንዛዬ ሥር ናቸው።