የጎማ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ፣ ዝም ሲልና ሲመላለስ፦ ቴስላ ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ

ንፋሱ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ መሞላቱን፣ ቸርኬው አለመጣመሙን፣ ባላንስ መደረጉን አይታችኋል ብለን እንነሳ።

መኪናው የፊትና የኋላ ጎማ ጥርስ ሲለያይ ጎማ አዘዋውሩ (የፊቱንና የኋላውን አለዋውጡ) ብሎ ያስጠነቅቃል። አስቀድሞ ግን ሶፍትዌሩ የሚያየውን ማወቅ ያስፈልጋል። የጎማ ጥርስ የሚለካ ዓይን መኪናው ላይ የለም። ያለው የእያንዳንዱን እግር ዙር የሚቆጥር የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሴንሰር ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ትንሽ ስለሚሆን ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ብዙ ይዞራል። 235/45 አር 18 የሆነ አዲስ ጎማ ዲያሜትሩ 669 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር 476 ጊዜ ገደማ ይዞራል። የኋላው ጥርስ ከፊቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲያንስ በኪሎ ሜትር 2 ዙር ያህል ይበልጣል። ማስጠንቀቂያው የሚያርፈው በዚህች 2 ዙር ላይ ነው።

ምልክት፦ ጎማ አዘዋውሩ የሚል መልእክት መጣ

የኋላ እግሮች አብዛኛውን ጉልበት ይሸከማሉ፣ ፔዳል ሲለቀቅም መኪናውን ይዘው የሚያቆሙት በዋናነት እነሱ ናቸው፤ ስለዚህ ቀድመው ያልቃሉ። አምራቹ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ወይም የጥርሱ ልዩነት 1.5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ፣ ከሁለቱ በቀደመው እንዲዘዋወር ይመክራል። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ለሚውል መኪና ይህ በሁለት በሦስት ወር ይሞላል። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አድርጉ፤ ጎማው ላይ የአቅጣጫ ቀስት ካለ ጎን ሳይቀየር። ዳዶዎቹ በቶርክ መፍቻ 175 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ። በአየር ሽጉጥ ብቻ አጥብቆ «አለቀ» የሚል ጎሚስታ ሥራውን አልጨረሰም። ክሪክ ከተመደቡት 4 ነጥቦች ውጭ አታስገቡ፤ ከሥር ያለው ባትሪ ነው።

ምልክት፦ ተዘዋውሮም ማስጠንቀቂያው አልጠፋም

ለመኪናው አልተነገረውም። ኮንትሮልስ፣ ከዚያ ሰርቪስ፣ ከዚያ ዊል ኤንድ ታየር፣ ከዚያ ታየርስ ገብታችሁ የሠራችሁትን ምረጡ፤ የለመደውን ረስቶ እንደ አዲስ ይማራል። ሁለት ጎማ ብቻ በአዲስ ከተቀየረ ግን መልእክቱ እውነቱን ነው፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጥርስና ባለ 4 ሚሊ ሜትር ጥርስ አንድ ላይ ናቸው። የተለያየ ፋብሪካ ጎማም ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ ዙሩ 1 በመቶ ያህል ሊለያይ ይችላል፤ ይህ ብቻውን ከ2 ዙር ይበልጣል። ርካሽ ተገኘ ተብሎ ከየቦታው የተሰበሰበ ጎማ መኪናውን የሚያሳስተው በዚህ ነው።

ምልክት፦ መኪናው ዝም ብሏል፣ የኋላው ጎማ ግን በውስጥ በኩል ሽቦ አውጥቷል

ጋራዥ ሲመጣ ሲሄድ የሚታየው ይህ ነው። ከውጭ ስታዩት ጥርሱ 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ መሃሉም ደህና ነው፣ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ክሪክ ላይ ሲወጣ የውስጠኛው ጠርዝ መላጣ ነው፤ አንዳንዴም ሽቦው ጣት ይቧጭራል። ባለቤቱ «መኪናው ቢሆን ኖሮ ይነግረኝ ነበር» ይላል። አይነግረውም። ጎማው የሚዞረው በመሃሉ ቁመት ነው፤ ጠርዙ ሁለት ጣት ስፋት ቢላጭ ዙሩ እምብዛም አይለወጥም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። ማስጠንቀቂያው በእውነት ይመጣል፣ ጎማ ይዘዋወራል፣ መልእክቱ ይጠፋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ጎማ የሚበላው የኋላ እግር ግን እንዳለ ነው፤ አሁን የሚበላው ከፊት የመጣውን ደህና ጎማ ነው። እንዲህ ሆኖ በአንድ ዓመት ሁለት ስብስብ ጎማ የሚጨርስ መኪና አለ።

ምክንያቱ ሁለት ነገር ተደርቦ ነው። የኋላ እግር ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል (ካምበር)፤ ክብደቱ ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ያርፋል። ይህ ብቻውን ብዙ አይጎዳም። የጎማው አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጠርዙ፣ ከልኩ ወደ ጎን ሲዞር (ቶ) ግን ያ የተጫነው ጠርዝ መሬት ላይ ይጎተታል። 0.2 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ በስሌት በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 3.5 ሜትር፣ በ10,000 ኪሎ ሜትር 35 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን መጎተት ነው።

የጥርስ መለኪያ ያዙና እያንዳንዱን ጎማ በውስጥ፣ በመሃል፣ በውጭ ለኩ፤ ጎማውን እያዞራችሁ ይህንኑ በ3 ቦታ ድገሙ። በጥርሶቹ መካከል ያለው 1.6 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ምልክት ላይ አታሳርፉ። ለፊቱ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሩ። ለኋላው ስልክ ከጎማው ጀርባ አስገብታችሁ በመብራት ፎቶ አንሱ። ውስጡ ከውጩ በ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ ሥራው አላይመንት (የእግሮቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል) ነው። እጃችሁን ጥርሱ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያ መልሳችሁ አሻሹ፤ በአንዱ አቅጣጫ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ቶ ነው።

መጀመሪያ የኋላ ቡሺንጎች (የእግሩ ክንዶች መጋጠሚያ ላይ ያሉት ላስቲኮች) ይታዩ፤ ልል ቡሺንግ ላይ የተሠራ አላይመንት ከጋራዡ በር አያልፍም። ከዚያ የኋላው ቶ፣ ቀጥሎ የፊቱ። የፊቱን ብቻ ሠርቶ «አላይመንት ተሠራ» ለሚል ገንዘብ አትክፈሉ። የኋላው ካምበር ከፋብሪካው በወጣው ክንድ አይስተካከልም፤ ቶው ግን ይስተካከላል፣ አብዛኛውን ጉዳትም እሱ ያስቆማል። የአላይመንት ማሽኑ ቁጥሩ ከተፈቀደው ክልል ጫፍ ላይ ሆኖ አረንጓዴ ቢያሳይ አትቀበሉ፤ መሃል ላይ ይምጣ፣ ግራና ቀኙም ይመሳሰል። ከሥራው በፊትና በኋላ የታተመውን ወረቀት ተቀበሉ።

ሽቦ ያወጣ ጎማ ወደ ፊት አይዛወርም። ወደ ሌላ መኪናም አይሸጥም። ይጣላል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ጉብታ ጉብታ ሆኖ ያለቀ ጎማ፦ ሾክ አብዞርበር። ባላንስ እምቢ ያለ ንዝረት ደህና ጥርስ ባለው ጎማ ላይ፦ ውስጡ የተለጠፈው የድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ ተላቋል። ሞዴል ዋይ ፐርፎርማንስ ባለ 21 ኢንች ቸርኬ ፊቱ 255፣ ኋላው 275 ነው፤ ፊትና ኋላ አይዘዋወርም።

አዲስ አበባ ላሉ ሌሎች የኤሌክትሪክ መኪኖች

ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስና ሲጋል በፊት እግር ስለሚነዱ ፊቱን ይጨርሳሉ፤ ባለ አንድ ሞተር አይዲ 4 ኋላውን። አለካኩ አንድ ነው፤ በኮብልስቶንና በጉድጓድ ለሚውል መኪና ግን 10,000 አትጠብቁ፣ በ5,000 ለኩ። ንፋስን በዙር ቁጥር የሚገምት መኪና ከሆነ አራቱንም በልኩ ሳትሞሉ የማስተካከያውን ቁልፍ አትጫኑ፤ የጎደለውን ንፋስ ደህና ነው ብሎ ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ አያስጠነቅቅም።