«ጉልህ ልዩነት ተገኝቷል»፤ ግን ምን ያህል? የተጽዕኖ መጠን ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

አንድ ጥናት «ጉልህ ልዩነት ተገኝቷል» ብሎ ሲያበቃ አንባቢው «ምን ያህል?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። የፒ ዋጋ (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የባሰ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ፤ በልማድ ከ0.05 ካነሰ ውጤቱ «ጉልህ» ይባላል) ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። የሚመልሰው የልዩነቱን ስፋት የሚለካው ቁጥር፣ የተጽዕኖ መጠን ነው፤ እሱም ቢሆን አያያዙን ላላወቀበት ያሳስታል። አዘውትረው የሚያጋጥሙት እክሎች እነዚህ ናቸው።

የፒ ዋጋው ኢምንት ነው፤ ልዩነቱ ግን ዓይን አይሞላም

ምክንያት፦ የፒ ዋጋ የልዩነቱን ስፋትና የተሳታፊዎቹን ብዛት ቀላቅሎ የሚያቀርብ ቁጥር ነው። በየቡድኑ 10,000 ሰው ካለ፣ የመደበኛ ልይይት (ቁጥሮች ከአማካያቸው በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) አንድ ሃያኛ ብቻ የሆነ ልዩነት እንኳ የፒ ዋጋውን ከ0.001 በታች ያወርደዋል። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። መረጃው «ልዩነቱ ዜሮ ነው» ከሚለው ግምት ጋር እንደማይጣጣም ነገረን እንጂ ልዩነቱ ትልቅ ነው አላለም።

መፍትሄ፦ የሁለቱን አማካዮች ልዩነት ለጋራ መደበኛ ልይይታቸው አካፍሉ፤ የሚገኘው ቁጥር የኮኸን ዲ ይባላል። ከዚያ በፊት ግን ልዩነቱን በራሱ መለኪያ፣ በነጥብ፣ በኪሎ ወይም በደቂቃ ጻፉት። የደም ግፊት «በ0.3 ዲ ቀነሰ» የተባለ ሐኪም ምን ሊያደርግበት ነው?

የፒ ዋጋው ከ0.05 በለጠና «ተጽዕኖ የለም» ተባለ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ጥሩ ሥራ ገና ሳይታይ የሚቀበረው በዚህ ነውና። በየቡድኑ 30 ሰው ይዘን ዲ 0.5 ብናገኝ የፒ ዋጋው 0.06 ገደማ ይሆናል። የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉን (ከመረጃው ጋር የሚስማሙትን የተጽዕኖ ዋጋዎች የያዘውን ስፋት) ስናይ ግን ከዜሮ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይጀምርና እስከ 1 ገደማ ይዘልቃል። መረጃው ከባዶ ጋርም ከግዙፍ ተጽዕኖ ጋርም ይስማማል ማለት ነው። «የለም» የሚያሰኝ ነገር የለበትም።

በእጅ ላይ ላለው ጥናት መፍትሄው ክልሉን እንዳለ ጽፎ «መረጃው አይለይም» ማለት ነው። ሥር ነቀሉ መፍትሄ ግን መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ነው። በ80 በመቶ የመለየት ኃይል (ተጽዕኖው ካለ ጥናቱ የመያዝ ዕድሉ) እና በ0.05 የፒ ዋጋ መቁረጫ፣ 0.5 የሆነ ተጽዕኖ ለመያዝ በየቡድኑ 64 ሰው ይበቃል፤ ለ0.2 ግን 394 ገደማ ያስፈልጋል። ተጽዕኖው በግማሽ ሲያንስ የሚፈለገው ሰው አራት እጥፍ ይሆናል። በጀት ሲያዝ ይህ ይዘነጋል።

ናሙናው ትንሽ፣ ተጽዕኖው ግዙፍ

በየቡድኑ 20 ሰው ባለበት ጥናት የፒ ዋጋ ከ0.05 በታች እንዲወርድ ዲ ቢያንስ 0.64 መሆን አለበት። እውነተኛው ተጽዕኖ 0.3 ከሆነ «ጉልህ» ተብሎ የሚወጣው ውጤት ሁሉ ከእጥፍ በላይ የተጋነነ ነው። አጫጭሮቹን ከበር እየመለሱ፣ የገቡትን ለክቶ «የዚህ አገር ሰው ረጅም ነው» እንደ ማለት ነው።

መፍትሄው አንዱን ጥናት አለማመንና ያልታተሙ ውጤቶችን ጭምር የሰበሰበ ሜታ አናሊሲስ (የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የሚያሰላ ጥናት) መፈለግ ነው። የሚቀጥለውን ጥናት የናሙና መጠን በዚህ በተነፋ ቁጥር አታስሉ። የሄጅስ ጂ (ለትንሽ ናሙና የታረመ የዲ ዓይነት) ያስተካክለዋል የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል፤ እሱ የሚያርመው ሌላ ዓይነት መዛባት ነው፤ በዚህ ናሙና ላይ ዲን የሚቀንሰውም በ2 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

በፊትና በኋላ ሲለካ ዲ ጣሪያ ነካ

ምክንያቱ አካፋዩ ነው። የተሳታፊዎቹ አማካይ በግማሽ መደበኛ ልይይት ተሻሻለ እንበል። በሰዎቹ መካከል ባለው ልይይት ካካፈልን ዲ 0.5 ነው። በእያንዳንዱ ሰው ለውጥ ላይ ባለው ልይይት ካካፈልን ግን፣ የሁለቱ ልኬቶች ተዛምዶ (አብረው የመሄዳቸው ልክ፤ ጣሪያው 1 ነው) 0.9 ከሆነ፣ 1.12 ይወጣል። ሁለቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው፤ መልስ የሚሰጡት ግን ለተለያየ ጥያቄ ነው። በየትኛው እንዳካፈላችሁ ግለጹ፤ ከሁለት ቡድን ጥናቶች ጋር ለማወዳደር የመጀመሪያውን ተጠቀሙ።

ዲ አሉታዊ ከሆነባችሁ ደግሞ የትኛው አማካይ ከየትኛው እንደተቀነሰ ብቻ ተመልከቱ።

ውጤቱ «አነስተኛ» ተባለና ተናቀ

ዲ በስሙ የሚጠራው ጃኮብ ኮኸን የዲን ዋጋዎች 0.2ን አነስተኛ፣ 0.5ን መካከለኛ፣ 0.8ን ከፍተኛ ብሎ ሲሰይም፣ የተሻለ መነሻ ሲጠፋ ብቻ እንዲሠራባቸው አሳስቦ ነበር። ማሳሰቢያው ተረሳና ሠንጠረዡ ሕግ ሆነ።

በ1988 የመጀመሪያ ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት 22,071 ወንድ ሐኪሞችን በሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን አስፕሪን፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት አምሳያ እንክብል ሰጠ። አምሳያውን ከወሰዱት 189፣ አስፕሪን ከወሰዱት 104 ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ገጠማቸው። በተዛምዶ ሲሰላ ተጽዕኖው 0.034 ገደማ ነው፤ ኮኸን ለተዛምዶ ባወጣው መስፈርት «አነስተኛ» ለመባል እንኳ 0.1 ይጠበቅበታል። የታማሚዎቹ ቁጥር ግን ወደ ግማሽ ተጠግቶ ወርዷል።

መፍትሄ፦ ቅጽሉን ትታችሁ ቁጥሩን ከጉዳቱ ክብደት፣ ከወጪውና በዘርፉ ቀደም ሲል ከተገኙት ውጤቶች አጠገብ አስቀምጡት። «በግማሽ ቀነሰ» ማለትም ብቻውን ያጋንናል፤ መነሻው ስንት እንደነበር ይሸፍናልና። ለዚህ ጥናት እኔ የምመርጠው አጻጻፍ «ከ1,000 ሰዎች 17 የነበረው ወደ 9 ወረደ» የሚለውን ነው።