የትዳር ጓደኛንና የእንጀራ ልጆችን ወደ አሜሪካ መውሰድ፦ የቪዛ መንገድ እንዴት እንደሚመረጥ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን በሰፈራችን ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት የለም ማለት ይቻላል። ፎርም የሚያስሞላው፣ ሰነድ ስካን የሚያስደርገው፣ በእንግሊዝኛ የመጣ ኢሜይል የሚያስነብበው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ከጊዜ ብዛት ሰው የት የት እንደሚሳሳት አውቄዋለሁ።

በ2018 መስከረም አንዲት ጎረቤቴ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ መጣች። እጮኛዋ የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሐበሻ ነው። እሷ ከቀድሞ ትዳሯ ሁለት ልጆች አሏት። ትንሿ 9 ዓመቷ ነው፣ ትልቁ 17። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። «ፕሮሰሱን የምንጀምረው በየትኛው ፎርም ነው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ የትልቁን ልጅ ልደት ጠየቅኳት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2000 ነው አለች። «እንግዲያው ሠርጉ ዘግይቷል» አልኳት። ያሾፍኩባት መስሏት ነበር።

መጀመሪያ የልጆቹን ዕድሜ ቁጠሩ

ፎርም ከመምረጥ በፊት የሚሠራው ሥራ ይኼ ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የእንጀራ ልጅ እንደ ልጅ የሚቆጠረው ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ከተጋቡ፣ የእንጀራ አባትየው ለዚያ ልጅ በራሱ ስም ማመልከት አይችልም። የትምህርት ቤት ሲከፍልለት ቢኖርም፣ ልጁ «አባዬ» እያለ ቢጠራውም ያው ነው። ሁለተኛው ቁጥር 21 ነው። ልጁ ከ21 በታች መሆን አለበት፤ ያላገባም መሆን አለበት።

ቁጠራው ደግሞ በፈረንጆቹ ነው። የጎረቤቴ ልጅ የተወለደበት ታኅሣሥ 10 ቀን 2000፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2007 ነው። ሰው በልማድ ዲሴምበር 19 ነው ይላል። ግን 1999 ጳጉሜ 6 የነበረችበት ዓመት ስለሆነ ቀኑ በአንድ ይገፋል። ፓስፖርቱ 20፣ የተተረጎመው የልደት ሰርተፊኬት 19 ሲል ስንት ጊዜ አይቻለሁ! አንድ ቀን ብቻ ናት፤ ኢንተርቪው ላይ ግን ማብራሪያ ታስጠይቃለች።

ስለዚህ ልጁ 18 የሚሞላው ዲሴምበር 20 ቀን 2025 ነበር። ጥር ላይ ሠርግ ማለት ልጁን ጥሎ መሄድ ማለት ነው። ቤተሰቡ ጥርን የመረጠው ያለምክንያት አይደለም፤ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ በጾም ደግሞ አይዳርም። መፍትሔው ቀላል ነበር። ፊርማውን ቀድሞ መጨረስ፣ ድግሱን ማቆየት። እጮኛዋ ፈቃዱን ወደ ጥቅምት አዙሮ መጣ። ሁለቱም ሁለት ሁለት ምስክር ይዘው ክብር መዝገብ ፊት ፈረሙ። ድግሱ ለፋሲካ ማግስት ተላለፈ። አማቷ ትንሽ አኮረፉ፤ ልጁ ግን ተረፈ።

ይህን የምታደርጉ ከሆነ ጊዜ ያዙ። ክብር መዝገብ ላይ ዛሬ ሄዶ ዛሬ አይፈረምም፤ አስቀድሞ ማስታወቅ አለ፣ ያላገባ ማስረጃ አለ። ሰርተፊኬቱን ስትቀበሉ ደግሞ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። የጋብቻው ቀንና የምዝገባው ቀን በተለያየ መስመር ነው የሚጻፉት። አንድ ደንበኛዬ በሃይማኖት ያገባችው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ጸሐፊው የምዝገባውን ቀን በሁለቱም መስመር ሞላባት። ለማስተካከል ወር ፈጀባት።

ቀጥሎ፦ የሚወስደው ሰው ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ?

ዜጋ ከሆነ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ አግብቶ የቤተሰብ ማመልከቻ በሆነው ፎርም፣ በአይ-130 ማመልከት ነው። ሌላው ሳያገባ በእጮኛ ቪዛ፣ በኬ-1 መውሰድ። ኬ-3 የሚባል የባለትዳር ቪዛም አለ፤ በተግባር የሞተ ስለሆነ ጊዜ አታጥፉበት።

በአይ-130 መንገድ ሚስት ወይም ባል እንደገቡ ግሪን ካርድ ያገኛሉ። ሲገቡ ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው ካርዱ የሁለት ዓመት ነው፤ ሊያልቅ ሲል በመጨረሻዎቹ 90 ቀናት ውስጥ በአይ-751 ያስቀይሩታል። እዚህ መንገድ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አንድ ነው። ለሚስቱ ብቻ ያመለክትና «ልጆቹ በእናታቸው ይካተታሉ» ይላል። አይካተቱም። የዜጋ ባለትዳር ፋይል ውስጥ ተጎታች የለም። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አይ-130 ይገባል። አንድ እናትና ሁለት ልጆች ማለት ሦስት ማመልከቻ ነው። ጥሩ ጎኑ፣ ማመልከቻው በገባበት ቀን የልጁ ዕድሜ ይቆማል። በዚያ ቀን 20 ከነበረ፣ ፕሮሰሱ ተጓትቶ 22 ቢሞላውም እንደ 20 ይቆጠራል፤ ሚስት እስካላገባ ድረስ።

ኬ-1 ሌላ ጠባይ አለው። ማመልከቻው አይ-129ኤፍ ነው፣ አንዱ ለሁሉም ይበቃል፤ ልጆቹ በኬ-2 ይከተላሉ። ከማመልከታቸው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘት አለባቸው። አሜሪካ ከገቡ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ይጋባሉ፤ ከዚያ እዚያው ሆነው ለግሪን ካርድ ያመለክታሉ። ልዩ ጥቅሙ ይኼ ነው፦ ኬ-2 የ18 ዓመቱን ገደብ አይጠይቅም። ልጁ 19 ወይም 20 ከሆነና ገና ካልተጋባችሁ፣ ከዜጋ ጋር የሚያስኬደው መንገድ ይኼ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ብታገቡ በሩን ራሳችሁ ትዘጉታላችሁ። ግን እዚህ ዕድሜ አይቆምም። ልጁ 21 ሳይሞላው አሜሪካ መግባት አለበት። 20 ዓመት ከስምንት ወር የሆነው ልጅ በዚህ መንገድ አይደርስም፤ በከንቱ ተስፋ አትስጡት።

የኬ-1 ወጥመድ ደግሞ እኛ አገር ነው ያለው። ለአሜሪካ እጮኛ ማለት ያላገባ ማለት ነው። በእኛ ሕግ ግን ጋብቻ ክብር መዝገብ ላይ ብቻ አይደለም የሚጸናው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የተፈጸመንም ጋብቻ ይቀበላል። ቤተ ክርስቲያን ተክሊል ካደረጋችሁ፣ ኒካህ ካሰራችሁ፣ ወይም በባህሉ ወግ ከተዳራችሁ፣ ሰርተፊኬት ባይኖርም ተጋብታችኋል። ከዚያ በኋላ ኬ-1 አይሆንም። ቀለበት ማሰር ችግር የለውም። ግን ቀለበቱን በቬሎ፣ በሚዜና በኬክ አድርጋችሁ ፎቶውን ማስረጃ ብላችሁ ስታቀርቡ «እነዚህ ተጋብተዋል» ያለ ሰው አይፈረድበትም። ሽማግሌ የላካችሁበትን፣ ቤት ውስጥ ቡና የጠጣችሁበትን ፎቶ አቅርቡ፤ ቬሎው ይቆይ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ልጆቹ ሁሉ ከ18 በታች ከሆኑ አግቡ። ኬ-1ን ለ18፣ ለ19ና ለ20 ዓመት ልጅ ተዉለት።

ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው በኬ-1 መውሰድ አይችልም። አግብቶ በኤፍ2ኤ፣ ማለትም ለግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት፣ ባልና ልጆች በተመደበው ምድብ ያመለክታል፤ ወረፋ አለው፣ ወረፋውም በየወሩ በሚወጣው የቪዛ ቡለቲን ይታያል። እዚህ ግን ልጆቹ በእናታቸው ፋይል ይካተታሉ። በእሷ ልጅነት ስለሆነ የሚመጡት፣ ጋብቻው ከ18 በፊት ይሁን በኋላ አይጠየቅም። ዕድሜያቸውም ሲሰላ ማመልከቻው ሳይጸድቅ የቆየበት ጊዜ ይቀነስላቸዋል። ታዲያ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ጠሪው መሐል ላይ ዜግነት ከወሰደ የሚስቱ ፋይል ይፈጥናል፣ ልጆቹ ግን ከፋይሉ ይወጣሉ። አዲስ አይ-130 ለየብቻ ማስገባት ግድ ይሆናል። ጋብቻው ልጁ 18 ካለፈው በኋላ ከነበረ ደግሞ ያንንም ማስገባት አይቻልም። ዜግነት ወስዶ ቤተሰቡን ሊያስደስት ሲል ልጁን ያስቀረ ሰው ይኖራል። ቃለ መሐላውን ከመፈጸሙ በፊት ጠበቃ ያማክር።

«በቱሪስት ቪዛ ይምጡና እዚያ ይስተካከላል» የሚል መካሪ አይጠፋም። ለመቅረት አስቦ ለጉብኝት ነው ማለት ውሸት ነው፤ ያ ውሸት ከፋይል አይጠፋም።

ልጁን በራስ ስም ማስመዝገብ

ይኼ ለብቻው ይነገር። «ለምን ራሴ እንደወለድኩት አላስመዘግበውም?» ይላል አንዳንዱ። በቅንነት ነው የሚለው። እኛ አገር ግን የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው። የትምህርት ቤት ካርዱ፣ የክትባት ካርዱ፣ የክርስትና ካርዱ ሁሉ የወለደውን አባት ስም ይዟል። ኤምባሲው ደግሞ የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል። ከተነቃ እናትየው ጭምር የዕድሜ ልክ እገዳ ሊገጥማት ይችላል። የሚገርመው፣ ለእንጀራ ልጅ መብቱ ከነበረ ውሸቱ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ጉዲፈቻም አያስፈልግም። የውጭ ዜጋ ጉዲፈቻ ራሱ በ2010 በሕግ ቆሟል።

ወረቀቱን መሰብሰብ

ዳር ሰፈር የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «ቤቴ በየትኛው አስተዳደር ሥር ነው?» የሚል ነው። እኛ አዲስ አበባ ነን። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ያለው ሰው ሸገር ከተማ፣ ማለትም ኦሮሚያ ነው። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ የፍርድ ቤቱም ውሳኔ በአፋን ኦሮሞ ነው። መታወቂያ አንድ ቦታ፣ ቤት ሌላ ቦታ ከሆነ ያንን አስቀድማችሁ ጨርሱ። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ያለ ሰነድ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል።

የቀድሞው ትዳር በፍርድ ቤት መፍረሱን አረጋግጡ። «ሽማግሌ ለያየን፣ አሥር ዓመት ሆነን» ፍቺ አይደለም። ፍቺ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። እሱ ሳይኖር የተፈጸመ አዲስ ጋብቻ ፋይሉን ከነልጆቹ ይዞት ይወድቃል።

የልጆቹ ወላጅ አባት በሕይወት ካለ፣ ልጁ እንዲሄድ መስማማቱን በሰነዶች ማረጋገጫ ያስፈርሙት። ከሞተ የሞት ሰርተፊኬት፣ ከጠፋ የፍርድ ቤት የሞግዚትነት ውሳኔ ይያዝ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ማለቂያ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ሰርተፊኬቱ ዘግይቶ የወጣ ስለሚሆን የክትባት፣ የክርስትናና የትምህርት ቤት ካርዱን አትጣሉ።

ከ16 ዓመት ጀምሮ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያስፈልጋል። እናትየው ቤሩት፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ዓመትና ከዚያ በላይ (በኬ-1 ከሆነ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ) ሠርታ ከሆነ ከዚያም አገር ይጠየቃል። ይኼ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፣ ለማምጣትም የሚያደክም ነው። ቀድማችሁ ጀምሩት።

ገንዘቡ

በኤፕሪል 2024 ሥራ ላይ በዋለው ተመን አይ-130 በኦንላይን 625 ዶላር ነው። በወረቀት 675። ለሦስት ሰው በኦንላይን 1,875 ይሆናል። ኬ-1 ሲጀመር ርካሽ ይመስላል፤ አንድ ማመልከቻ 675 ነው። ግን እዚያ ከገቡ በኋላ ለግሪን ካርድ አንድ ሰው 1,440 ይከፍላል። ከእናቷ ጋር የምታመለክት ከ14 በታች ያለች ልጅ 950። እንደ ጎረቤቴ ቤተሰብ ሲሰላ ለግሪን ካርዱ ብቻ 3,830 ዶላር ነው፤ ያውም ከማመልከቻውና ከቪዛው ክፍያ ሌላ።

ጠሪው ገቢ ማሳየት አለበት። በአይ-130 መንገድ መለኪያው የድህነት ወለሉ 125 በመቶ ነው። በ2025 መለኪያ ለአራት ሰው ቤተሰብ በዓመት 40,187 ዶላር ግድም ይመጣል። ካልሞላለት ሌላ ስፖንሰር መጨመር ይችላል። ተመኑም መመሪያውም ይቀያየራል። ለአንድ አገር ዜጎች ቪዛ መስጠት ለጊዜው የሚቆምበትም ጊዜ አለ። ብር ከመላካችሁ በፊት የኤምባሲውን ድረ ገጽ እዩ፤ የደላላን ቃል አትመኑ።

የኢንተርቪው ቀን

ኤምባሲው እንጦጦ መንገድ ላይ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ሲታሰብ ከተማዋን ከጫፍ ጫፍ ማቋረጥ ነው። ቀጠሮው ሴቨን ሰርቲ ኤኤም ካለ በእኛ ከጠዋቱ 1:30 ነው። ከሰዓት በኋላ 7:30 መስሏቸው ምሳ በልተው የሄዱ ሰዎች ገጥመውኛል። ልጆቹን ምንም አታስጠኑ። ትልቁ ልጅ «አባትህ ማን ነው?» ቢባል የወለደውን ይበል፤ «ይኼኛውስ?» ሲባል «የእናቴ ባል» ይበል። ዋናውን አንድ ፋይል ውስጥ፣ ኮፒውን ሌላ ፋይል ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ አድርጉ። ፌስታል ይቅር። ከቃሊቲ መንገድ ጋር ስለማይቀለድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ።